ደራሲን በስልክ ክፍል ማስገባት

ተማሪዎቻችን ደራሲ ሲባል ትዝ የሚላቸው ሰው ብዙውን ጊዜ በሕይወት የለም። ሀዲስ ዓለማየሁ፣ ከበደ ሚካኤል፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፤ ክፍል ውስጥ ደጋግመን ስማቸውን የምናነሳቸው ሁሉ አልፈዋል። ስለዚህ ልጁ መጽሐፍ መጻፍ የድሮ ሰዎች ሥራ ይመስለዋል፤ ካልሆነም የአዲስ አበባ ሰዎች። በዕውቀቱ ስዩም ጎጃም ውስጥ ማንኩሳ የተወለደ ሰው እንደሆነና ዛሬም እንደሚጽፍ ሲሰማ ግን ጆሮውን ያቆማል። «አሁን አለ? ስልክ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ ሥራ ላይ ለማዋል የተጻፈ ነው። በዋግ ኽምራ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ቋንቋ የሚያስተምሩ መምህር ከሆኑ በቀጥታ ይመለከትዎታል።

ይህን ዝግጅት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚያስጨንቅዎት ኔትወርኩ ነው። ያስጨንቃልም። ነገር ግን የደራሲ ውይይት ከሽፎ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በኔትወርክ አይደለም። ተማሪዎቹ ሳያነቡ ደራሲው ከመጣ ክፍሉን የጎበኘው ተራ እንግዳ ነው፤ ያጨበጭቡለታል፣ ይሰናበታል፣ በማግስቱ ክፍሉ እንደነበረው ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ስልክ ጥቂት፣ ስለ ንባብና ስለ ጥያቄ ብዙ ያገኛሉ።

በቪዲዮ አይጀምሩ

በሌላው ዓለም ደራሲ ክፍል የሚገባው በቪዲዮ ነው። ሊትወርልድ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ድምፅን ከፍ አድርጎ የማንበብ የዓለም ቀን አለ። በዚያን ሰሞን ብዙ የልጆች መጻሕፍት ደራሲዎች ያለ ክፍያ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በየትምህርት ቤቱ በቪዲዮ ይገባሉ። ከመጽሐፋቸው አንድ ሁለት ገጽ ያነባሉ፣ ጥቂት ጥያቄ ይመልሳሉ፣ የሌሎች ደራሲዎችን መጻሕፍት ጠቁመው ይሰናበታሉ። ከዚህ ልንወስደው የሚገባው አጭርነቱን ነው። ቀኑን እንኳ መውሰድ አይመችም፤ ጥር ማብቂያ ላይ ስለሚውል ከመንፈቅ ዓመት ፈተናችን ጋር ይጋጫል።

ቪዲዮ በብዙ መልኩ ይከብደናል። በዙም የአንድ ሰዓት ንግግር ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ያውም ከመምህሩ ኪስ። ስክሪኑ ደግሞ የአንድ ስልክ ስክሪን ነው። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል የፊት ወንበር ላይ ያሉት አምስት ልጆች ደራሲውን ያያሉ፤ የኋላዎቹ የጓደኞቻቸውን ማጅራት ያያሉ። ድምፅ ግን ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ድምፅ ብቻውን አይበቃም የሚልዎት ካለ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ አገሩ እንዴት ያዳምጥ እንደነበር ታላላቆቹን ይጠይቅ።

በእኛ አካባቢ ሌላም ምክንያት አለ። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጠው ያውቃሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ በዚህች ቀን፣ በዚህች ሰዓት ኢንተርኔት ይኖራል ብሎ ለደራሲም ለተማሪም ቃል መግባት አይገባም።

የምመክረው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መመላለስን ነው። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን በድምፅ ይቀዳሉ፤ እርስዎ ኔትወርክ ደህና በሚሆንበት ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ወይም ማለዳ፣ ይልካሉ፤ ደራሲው በሚመቸው ጊዜ በድምፅ ይመልሳል። እርስዎ መልሱን አውርደው ክፍል ውስጥ ያሰማሉ። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ትምህርት ቤትዎ ጭራሽ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ከሆነም መላ አለው፤ የተቀዳውን ጥያቄ ይዘው በገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲወጡ ይልካሉ፣ የሚቀጥለው ገበያ መልሱን ይዘው ይመለሳሉ። ድሃና ወይም ዝቋላ ጫፍ ላይ ያለ መምህር በዚህ መንገድ ከሰቆጣ ከተማው መምህር አያንስም። እንዲያውም መልሱን ሳምንት መጠበቅ ልጆቹን ያጓጓቸዋል።

ቀጥታ የስልክ ጥሪውን ለሁለተኛው ዙር ያቆዩት።

ከደራሲው በፊት ታሪኩን ይምረጡ

መምህራን ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከታዋቂ ስም ነው። ይገለብጡት። ክፍልዎ በሁለት ሳምንት ውስጥ እስከ መጨረሻው ሊያነበው የሚችለው ጽሑፍ የቱ ነው? መልሱ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሊሆን አይችልም። አንድ አጭር ልቦለድ፣ አንድ ወግ፣ ቢበዛ አንድ ምዕራፍ ነው። በዕውቀቱ ስዩም አጫጭር ሥራዎች ስላሉት ለዚህ ይመቻል። የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ልጆቹ በራሳቸው ሊያሳድዱት ይችላሉ፤ ለክፍል ግን አንድ ምዕራፍ ይበቃል። አዳም ረታን የሚወድ መምህር አውቃለሁ፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ለ9ኛ ክፍል ግን አልጀምርበትም።

ለታችኛው ክፍል የአፍሪካን ስቶሪቡክ ታሪኮች አሉ። ሳይዴ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው የነጻ ታሪኮች ስብስብ ሲሆን አማርኛም አለበት፤ አውርዶ ማተምና ማባዛት ይፈቀዳል። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ከሆነ ደግሞ ጄን ከርትዝን የመሳሰሉ ደራሲዎች አሉ። ጄን በልጅነቷ ማጂ ያደገች አሜሪካዊት ስትሆን ለልጆች ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ጽፋለች።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ላንሳ። ክፍሉ ያነበበው ቴሌግራም ላይ በሚዞር፣ አንድ ሰው በስልኩ እያነሳ ባሠራጨው ፒዲኤፍ ከሆነ ደራሲውን ምን ብለው ነው የሚጋብዙት? ደራሲዎቻችን በዚህ ነገር ቆስለዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሳይጠቀስ እንኳ ነውር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ቅጂ ይግዙ፣ ከዚያ አንዱን ታሪክ ለክፍል ማባዛት እንዲፈቀድልዎ ደራሲውን ይጠይቁ። ማባዣ ወረቀት ከሌለም መጽሐፉን ለተማሪዎቹ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። በአንድ ቅጂ 60 ልጅ ማስነበብ ይቻላል፤ ባለሙያ አንባቢ መሆን አይጠበቅብዎትም፣ ሳይቸኩሉ ማንበብ ግን ይጠበቅብዎታል።

ግብዣው

የደራሲውን አድራሻ ለማግኘት መጀመሪያ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች ይመልከቱ። ብዙ ደራሲዎቻችን መጽሐፋቸውን በራሳቸው ስለሚያሳትሙ የቅጂ መብቱ በሰፈረበት ገጽ ላይ ስልክ ወይም ኢሜይል ያስቀምጣሉ። ከሌለ የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ገጻቸውን ይሞክሩ፤ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርን መጠየቅም ይቻላል። ደራሲው ከመመለሱ በፊት ለተማሪ ምንም አይናገሩ።

መልእክቱ አጭር ይሁን፤ ሙገሳ አይብዛበት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰቆጣ ከተማ 9ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። 62 ተማሪዎቼ አጭር ልቦለድዎን በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ያነባሉ። ከዚያ ስምንት ጥያቄዎች በድምፅ ቀድተው ሊልኩልዎ ይፈልጋሉ። በሚመችዎ ሰዓት ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቢመልሱልን ከኅዳር 20 በፊት ክፍል ውስጥ እናሰማዋለን። የምንከፍለው ገንዘብ የለንም። መልስዎንም ሆነ የልጆቹን ድምፅ ከትምህርት ቤቱ ውጭ አናወጣም። ባይመችዎ ቅር አይለንም።»

ገንዘብ የለንም የሚለውን አይሸሽጉ። ደራሲ የሚከፋው ክፍያ ባለመኖሩ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደሚወስድበት ሳይነገረው ሲቀር ነው። ስምንት ጥያቄ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሲባል ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ማር ይላክላቸው የሚል ወላጅ አይጠፋም፤ የዋግ ማር እምቢ የሚባል አይደለም፣ ግን መልሱ ከመጣ በኋላ ይሁን።

በቀጥታ ጥሪ የሚገናኙ ከሆነ ሰዓቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ሲባል ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የቱን ሰዓት እንደሚያስብ አይታወቅም። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ እነሱ በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ሲቀይሩ እኛ አንቀይርም። የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት እዚያ ገና ማለዳ ነው።

ርእሰ መምህሩና ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ቀድመው ይወቁ። ደራሲው ማን እንደሆነ፣ ታሪኩ ስለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጧቸው። በዚህ ዘመን የደራሲ ስም ከፖለቲካ ጋር ተያይዞ ሊነሳ ይችላል፤ ጥያቄ የሚነሳ ከሆነ ከዝግጅቱ ቀን በፊት ቢነሳ ይሻላል።

ጥያቄው ነው ሥራው

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ደራሲ ለሚጠይቁት ልጆች ሁሉ የተዘጋጀ መልስ አለው፦ ለመጻፍ ምን አነሳሳዎት፣ ስንት መጽሐፍ ጻፉ፣ ለወጣት ጸሐፊዎች ምን ይመክራሉ። እነዚህን በየሬዲዮው ሺህ ጊዜ መልሷቸዋል። እነዚህ ከተላኩለት የሚመጣው መልስ የተሰለቸ ይሆናል፤ ልጆቹም ይህንን በድምፁ ያውቁበታል።

ስለዚህ ታሪኩ ተነቦ ሲያበቃ እያንዳንዱ ተማሪ በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይጻፍ። ስም አይጻፍ። ወረቀቶቹን ሰብስበው አምስት አምስት ሆነው በቡድን ያጥሯቸው፤ ሦስት ወንፊት ይስጧቸው። የመጀመሪያው፦ መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ካለ ይውጣ። ሁለተኛው፦ ለሌላ ደራሲ ሁሉ ሊቀርብ የሚችል ጥያቄ ከሆነ ይውጣ። ሦስተኛው፦ ጠያቂው ራሱ መልሱን ማወቅ የማይፈልግ ከሆነ ይውጣ። ሦስተኛው ቀልድ ይመስላል፤ ግን ተማሪ መምህሩን ለማስደሰት ብሎ የሚጽፈው ጥያቄ ከሁሉ ይበዛል።

ምሳሌ ላሳይ። የተነበበው ታሪክ ፍየል ሲጠብቅ ስለዋለ ልጅ ነው እንበል፤ አንዲት ፍየል ገደል ገብታለች፣ ልጁም ማታ ፈርቶ ቤት ይገባል። «የታሪኩ ጭብጥ ምንድን ነው?» ብሎ የጻፈ ተማሪ ፈተና እየለማመደ ነው። «ይህ ታሪክ በእውነት የሆነ ነው?» የተሻለ ነው። «ፍየሏ ሞታ ሲያይ አባትየው ልጁን አልመታውም። የእኛ አባቶች ይመታሉ። ለምን ዝም አሰኙት?» ያለች ልጅ ግን ደራሲውን ከወንበሩ ታነሳዋለች። ጥያቄዋ ገጹን አንብባለች ማለት ነው፣ የራሷን ቤት አይታለች ማለት ነው፣ ደራሲው የመረጠውን ነገር እንደመረጠው ገብቷታል ማለት ነው። ከአበርገሌ የመጣ ልጅ ደግሞ ፍየል እንዴት ገደል እንደምትገባ ከደራሲው የበለጠ ሊያውቅ ይችላል። «ፍየል እኮ እንዲህ አትወድቅም» ብሎ ሊከራከር ከፈለገ አያስቁሙት። ደራሲ ላይ ስህተት ማግኘት ለንባብ የሚያነሳሳውን ያህል ሌላ ነገር የሚያነሳሳ አላየሁም።

ከወንፊቱ የተረፉትን ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ ጽፈው ስምንት እስኪቀሩ ድረስ ክፍሉ ይምረጥ። ጠያቂዎቹን ግን በዕጣ ይለዩ። ደረጃ የሚወጡ ተማሪዎች ሁልጊዜ መድረኩን ይይዙታል፤ ዕጣ የሚጠቅመው ለዚያኛው፣ ስሙ ሲጠራ አንገቱን ለሚደፋው ነው። ጥያቄውን ሦስት አራት ጊዜ ጮክ ብሎ ይለማመደው። ደራሲውን ምን ብሎ እንደሚጠራውም ቀድሞ ይወስን፤ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ይበቃል፣ የማዕረግ ጋጋታ አያስፈልግም።

አፋቸውን በኽምጣኛ የፈቱ ልጆች ካሉ ጥያቄያቸውን በኽምጣኛ ይቅዱ፤ ጓደኛቸው ከሥር በአማርኛ ይናገርላቸው። ደራሲው ሁለቱንም ይስማ። አማርኛው ስለሚያስቸግረው ብቻ ሐሳቡን የሚያሳንስ ልጅ ብዙ ነው፣ በዚህ መንገድ ሐሳቡ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

ሲቀዱ ከክፍል ወጣ ብለው፣ ነፋስ የማይመታበት ጥግ ይፈልጉ። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ። ልጁ የመጀመሪያ ስሙንና ክፍሉን ይናገር፤ ሙሉ ስም አያስፈልግም።

ዕለቱ

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ሞንታርቦና ማጉያ ካለው ግማሹ ሥራ አልቋል። ስልኩን በጃክ ገመድ ከማጉያው ጋር ያገናኙት። ገመድ ከሌለ ማይኩን ስልኩ አጠገብ ማስጠጋት ይቻላል፤ ማይኩ ግን ወደ ሞንታርቦው ፊቱን እንዳያዞር፣ ይጮህና ጆሮ ይበጥሳል። ከአንድ ቀን በፊት ባዶ ክፍል ውስጥ ይሞክሩት፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ። ማጉያው በመብራት ብቻ የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ይወስኑ። ቻርጅ የተሞላ ብሉቱዝ ስፒከር ያለው የሥራ ባልደረባ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ተማሪዎቹን በሁለት ዙር ከፍለው በስልኩ ድምፅ ብቻ ያሰማሉ።

መልሶቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ አያጫውቱ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከዚያ ቆም። «እንዲህ ይመልሳል ብላችሁ ጠብቃችሁ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አራት መልስ ከበቂ በላይ ነው፤ የቀሩት አራት ለሚቀጥለው ቀን ይቆዩ። ጠያቂው የራሱ መልስ ሲመጣ ይቁም። ደራሲው የልጁን ስም ጠርቶ መመለስ ሲጀምር የክፍሉን ፊት ይመልከቱ፤ እኔ ስለ ማነሳሳት ከተነገረኝ ሁሉ ያመንኩት ያቺን ቅጽበት ነው።

በቀጥታ ጥሪ የሚያደርጉት ከሆነ ተራ የስልክ ጥሪ ከኢንተርኔት ጥሪ ይሻላል፤ ያነሰ ይቆራረጣል። ደራሲው ከጥሪው በፊት የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት አስቀድሞ እንዲልክ ይለምኑት። መስመሩ ቢበጠስ እንኳ ክፍሉ ባዶ እጁን አይወጣም። የአየር ሰዓቱን ማን እንደሚሞላ ቀድመው ከርእሰ መምህሩ ጋር ይነጋገሩ፤ ሁልጊዜ መምህሩ ከኪሱ እያወጣ የሚዘልቅ ሥራ የለም።

ደራሲ ሲናገር ሊረዝም ይችላል። ቀጥታ ሲሆን «ጋሼ፣ የሚቀጥለው ጠያቂ እየጠበቀ ነው» ማለት ነውር አይደለም። ተማሪዎቻችን ብዙ ነገር አይተዋል፤ በጦርነቱ የተፈናቀሉም አሉባቸው። ታሪኩ ሞትና ስደት ያለበት ከሆነ ደራሲው አስቀድሞ ይወቅ፤ ማንም ልጅ የራሱን ታሪክ እንዲናገር አይገደድ። ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ባልደረቦችም ይኖራሉ፤ የልጆች ፊት ፌስቡክ ላይ ይውጣ አይውጣ የሚወስነው ወላጅ ነው።

በማግስቱ

መልሱን ሲሰሙ ያደረባቸው ስሜት ሳይበርድ ያጽፏቸው። አንድ ገጽ ይበቃል። ደራሲው «ይህን መረጥሁ፣ ያንን ተውሁ» ያለበትን ቦታ ይዘው ተማሪዎቹ ያንኑ ትዕይንት እነሱ ቢሆኑ እንዴት እንደሚጽፉት ይጻፉ፤ አባትየው ይምታው፣ ወይም ልጁ ቤት ሳይገባ ይደር። እርማት ላይ ቀይ እስክሪብቶ አይብዛ፤ በዚህ ዙር ፊደል ሳይሆን ውሳኔያቸውን ይዩ። ጽሑፎቹን ለደራሲው መላክ ግን ይቅር፤ መልስ የሰጠን ሰው አራሚ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ከዚያ ቦታውን ይቀያይሩት። የ9ኛ ክፍል ልጆች የጻፉትን ለአንድ የ4ኛ ክፍል ያንብቡ፤ ታናናሾቹ ጥያቄ ይጻፉ፤ ታላላቆቹ በድምፅ ይመልሱ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አጥር ለአጥር ቢሆኑም እንኳ በድምፅ መልእክት ይሁን። ደራሲ መሆን ምን እንደሚመስል ያኔ ይገባቸዋል፤ «ለምን እንዲህ አደረግከው?» ብሎ ለሚጠይቅ የ10 ዓመት ልጅ መልስ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንድ በኽምጣኛ የሚጽፍ ወይም ተረት የሚያውቅ ሰው ይጋብዙ። ቋንቋው በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለሚሰጥ የሚጽፍበትን ሰው ሩቅ ሄደው አይፈልጉም፤ የሰቆጣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም እዚሁ ነው። ለእኚህ እንግዳ የስልክ መስመር ላያስፈልግ ይችላል፤ የጥያቄው ወንፊት ግን ያው ነው።

የተቀዱትን ድምፆች በሜሞሪ ካርድ ላይ ያስቀምጡ፤ የደራሲው ስም፣ የታሪኩ ርእስና ቀኑ ይጻፍበትና ቤተ መጻሕፍት ይግባ። ለደራሲው በሳምንቱ ውስጥ የምስጋና መልእክት ይላኩ፤ ምስጋናው ከእርስዎ ሳይሆን ከሦስት ልጆች ይሁን፣ እያንዳንዳቸውም መልሱን ከሰሙ በኋላ ያነበቡትን ወይም የጻፉትን አንድ ነገር ይንገሩት። መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሌለ ርእሰ መምህሩ ሁለት ቅጂ እንዲገዛ የሚጠይቀውን ማመልከቻ በዚያው ሳምንት ያስገቡ፤ በጀት ዓመቱ ሳይዘጋ።